አንድ ማዕከል በሌለበት ከተማ ጥቃት የደረሰባትን ልጅ በምን ቅደም ተከተል እንቀበላት?

ጥያቄው፦ "በአንድ የዞን ከተማ የሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ከተማችን አንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታልና ሁለት ጤና ጣቢያዎች አሏት፤ እንደ አዲስ አበባው ዓይነት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ግን የለንም። ተደፍረው የሚመጡት አብዛኞቹ ከ10 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ጉዳያቸው ወይ ተጠርጣሪው በዋስ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ወይ በሽምግልና ያልቃል፣ ወይ 'ማስረጃ አልተገኘም' ተብሎ ይዘጋል። ተጨማሪ በጀት አይታሰብም። ከየት እንጀምር?"

ምላሽ፦

ከቅደም ተከተሉ ጀምሩ። ሕንፃም መኪናም አዲስ የሥራ መደብም ሳይጠይቅ ሊስተካከል የሚችለው እሱ ነው። የጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች ጎልተው የሚታዩት ከወራት በኋላ ቢሆንም፣ መነሻቸው የሚገኘው ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኛ ከተናገረችበት ሰዓት እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መርማሪው የሕክምና ማስረጃ ሳይዝ ችሎት ይቀርባል፤ ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳል። ልጅቷ ተጠርጣሪው ወዳለበት ግቢ ትመለሳለች፤ ሽማግሌ ይላካል። ልብሷ ታጥቧል፣ ቃሏም በአራት ቦታ በአራት ዓይነት ተጽፏል፤ ዐቃቤ ሕጉ "አያስከስስም" ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ መርማሪ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን ባንድ ግቢ ሰብስቧል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመሩት የቱቱዜላ ማዕከላትም በዚሁ ሐሳብ የቆሙ ናቸው። የአሠራሩ ዋና ትርፍ ልጅቷ ባለችበት ተቀምጣ ባለሙያው ወደ እሷ መምጣቱ ነው። ይህን ደግሞ አንድ በር የሚዘጋ ክፍል ያለው ማንኛውም ሆስፒታል ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስምምነታችሁ አጭር ይሁን፦ ልጅቷ በየትኛውም በር ብትመጣ መጀመሪያ ሆስፒታል ትገባለች፤ መርማሪው እዚያ ድረስ ይሄዳል።

ጣቢያው በር ላይ

ልጅቷን መጀመሪያ የሚያገኛት የዕለቱ ተረኛ ፖሊስ ነው፤ ሥልጠና የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ለመርማሪዎቹ ብቻ ነው። ተረኛው ሰው በሚሰማበት አግዳሚ ላይ "ማነው ያደረገው? የት? እንዴት አድርጎ?" እያለ ይጠይቃል። ከክፋት ሳይሆን የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ሌላ የሚጽፈው ስጡት። በግማሽ ገጽ ካርድ ላይ አምስት ነገር ብቻ ይሙላ፦ የልጅቷ ስምና ግምታዊ ዕድሜ፤ ድርጊቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፤ አሁን ደም ወይም ከባድ ሕመም አላት ወይ፤ ተጠርጣሪው ከእሷ ጋር በአንድ ቤት ወይም ግቢ ይኖራል ወይ፤ አብሯት የመጣው ሰው ምኗ ነው። ከዚህ ያለፈ አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ልጅቷ ራሷ መናገር ከጀመረች አያቋርጣት፤ ያለችውን በራሷ ቃል፣ በትምህርተ ጥቅስ አድርጎ ይጻፈው። የመጀመሪያ ንግግሯ በኋላ ክርክር ላይ ዋጋ አለው።

ሰዓቱን ሲጽፍ "የቀኑ" ወይም "የሌሊቱ" የሚል ቃል አይቅር። መዝገቡ ላይ "3 ሰዓት" የሚል ብቻ ተጽፎ የሕክምና ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌላ ሰዓት ሲሰፍር፣ ተከላካይ ጠበቃ የሚጀምረው ከዚያች ልዩነት ነው።

እንዳትታጠብ፣ ልብሷን እንዳትቀይር፣ በአፍ የተፈጸመ ጥቃት ካለ የሕክምና ባለሙያ ሳያያት አፏን እንዳትጉመጠመጥ በእርጋታ ይነገራት። ታጥባ ከመጣች ግን ማንም እንዳይቆጣት፤ አብዛኞቹ ታጥበው ነው የሚመጡት፣ ለሕክምናውም የሚቀርባት ነገር የለም።

ሆስፒታሉ ከደብዳቤው ይቀድማል

ትልቁ እንቅፋት "የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣችሁ አናያትም" የሚለው ነው። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት የሚሄደውን ማስረጃ ለማዘጋጀት ነው፤ መድኃኒት ለመስጠት አይደለም። ሁለቱ ተቀላቅለው ልጅቷ አርብ ማታ መጥታ ሰኞ ጠዋት ትታከማለች። ይህ መዘግየት ምን እንደሚያሳጣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በቁጥር ይወቀው። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው፣ ፔፕ የምንለው፣ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ በ72 ሰዓት ውስጥም ቢሆን በየሰዓቱ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚያስተማምነው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ሁለት ወይም ሦስት የተዘጋጀ ጥቅል ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከተረኛ ነርሷ ጋር እንጂ ከፋርማሲ ኃላፊው ጋር አይሁን። ፋርማሲው ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፤ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ግን ሁልጊዜ አለች። ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ የፔፕ መድኃኒት ለሙሉ 28 ቀን፤ ሌቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ፤ ለአባላዘር በሽታዎች በአገሪቱ የሕክምና መመሪያ መሠረት የሚሰጡት መድኃኒቶች፤ የእርግዝናና የኤች.አይ.ቪ. መመርመሪያ፤ የማቅለሽለሽ መከላከያ፤ ንጹሕ የውስጥ ሱሪና ቀሚስ ወይም ሱሪ፤ ሞዴስ። ልብሱን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩት አሉ። የለበሰችው ለማስረጃ ከተወሰደ በኋላ በምን ሆና ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ያሰቡበት አይመስሉም።

ፔፑን በተመለከተ፣ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለምትመዝን ልጅ ብዙውን ጊዜ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የተያዙበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጠው ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ላለች በክብደቷ የሚለካ የልጆች መድኃኒት ያስፈልጋታል። የልጆቹ መድኃኒት ከኤች.አይ.ቪ. ክሊኒኩ አስቀድሞ ካልተጠየቀ ሌሊት አይገኝም። ብዙ ልጆች የሚያቋርጡት የሰባት ቀን ብቻ ተሰጥቷቸው "ተመልሳችሁ ኑ" ሲባሉ ነው፤ የትራንስፖርት ገንዘብ የለም፣ ጎረቤት ይጠይቃል። 28ቱንም ባንድ ጊዜ ስጧትና በስልክ ተከታተሏት። መድኃኒቱን የምታስቀምጥበት ቦታ እንኳ ከእናቷ ጋር ይመከርበት፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጠርሙስ የታየባት ልጅ በሰፈር ሌላ ስም ይወጣላታል።

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው የወር አበባ ላላየች ልጅም ጡቷ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ማርገዝ ይቻላል። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ይደገማል። የእርግዝና ምርመራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም። አርግዛ ከመጣች ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የተፈጠረን እርግዝና በሕክምና ማቋረጥ አያስቀጣም፤ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ማስረጃም የፍርድ ቤት ውሳኔም አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ "ወረቀት አምጪ" እያለ ሳምንቱን ይገፋዋል፤ እርግዝናውም በዚያው ይገፋል።

ወንዶቹን ልጆች አትርሱ። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚደነግገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የሚናገረው ስለ ሴት ተጎጂ ስለሆነ አንዳንድ ጣቢያ የወንድ ልጅን ጉዳይ "ድብደባ" ብሎ ይመዘግበዋል። ትክክለኛው ቦታ አንቀጽ 631 ነው፤ ዕድሜው ከ13 በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ፔፑም የአባላዘር ሕክምናውም ለእሱ እኩል ያስፈልጋሉ፤ ሥጋቱም በአብዛኛው የከፋ ነው።

የሕክምና ማስረጃው ላይ የሚጻፈው

ብዙ መዝገብ የሚሞተው "ክብረ ንጽሕናዋ አልተነካም" በምትል አንዲት መስመር ነው። ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም "ታዲያ ምንም አልሆነችም" ብለው ያነቧታል። በሕክምናው ዓለም ይህ ንባብ ከወደቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 36 ያረገዙ ታዳጊዎችን መርምሮ፣ በአካላቸው ላይ የግንኙነት ግልጽ ምልክት የተገኘባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ማርገዛቸው የተረጋገጠ ልጆች ላይ እንኳ ካልታየ፣ ከአምስት ቀን በኋላ የመጣች ልጅ ላይ አለመታየቱ ምንም አያስረዳም። የዚያ አካባቢ ቁስል ቶሎ ይድናል፤ ሕብረ ሕዋሱም የሚለጠጥ ነው። በሁለት ጣት የሚደረገውን "የድንግልና ምርመራ" የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 እንዲቀር የጠየቁት ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለውና ለልጅቷም ሁለተኛ ጥቃት ስለሚሆን ነው።

ሐኪሙ የሚጽፈው ያየውን ብቻ ይሁን፦ ጉዳቱ የት ቦታ እንዳለ፣ ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ ቀለሙ፣ እብጠት ወይም መድማት መኖሩ። ክንድ፣ አንገት፣ ጭንና ጀርባም ይታዩ፤ ትግል ከነበረ ምልክቱ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ጉዳት ካልታየ "በምርመራው ጉዳት አልታየም፤ ይህ ግን ጥቃት አለመፈጸሙን አያመለክትም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በቅጹ ላይ ታትሞ ይግባ። በእያንዳንዱ ሐኪም ድፍረት ላይ እንዲንጠለጠል አትተዉት።

ሌላው በሽታ ፊርማው ነው። ማስረጃውን የጻፈው ጠቅላላ ሐኪም ከዓመት በኋላ ተዘዋውሯል፤ ፊርማው አይነበብም፤ መጥሪያው "አድራሻው አልታወቀም" ተብሎ ይመለሳል። ከፊርማው ሥር ሙሉ ስም በጉልህ ፊደል፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥርና ስልክ ይኑር፤ ቅጂው በሆስፒታሉ የሕግ ፋይል ይቀመጥ። ማስረጃውም በ3 ቀን ውስጥ ለመርማሪው እንዲደርስ በስምምነታችሁ ላይ ቁጥሩን ጻፉት።

ልብስና ናሙና በወረቀት ከረጢት ነው የሚቀመጠው። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ ሻጋታ ይበላዋል፤ ናሙናውም ይበላሻል። እርጥብ ልብስ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ እያንዳንዱ ልብስ ለብቻው ይታሸግ። በማሸጊያው ላይ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ የወሰደው ሰውና የተረከበው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። የርክክቡ ሰንሰለት አንድ ቦታ ከተበጠሰ የላቦራቶሪ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም አያዋጣም። የቡናና የስኳር ወረቀት ከረጢት፣ አዲስ እስከሆነ ድረስ፣ ይበቃል።

ቃሏን አንድ ጊዜ፣ በራሷ አንደበት

አሁን ባለው አሠራር ልጅቷ ለእናቷ፣ ለወረዳው፣ ለተረኛው፣ ለመርማሪው፣ ለነርሷ፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉና በመጨረሻ ለችሎቱ ትናገራለች። በእያንዳንዱ መናገር ትንሽ ነገር ይቀየራል፤ የማንም ሰው ትዝታ እንደዚያ ነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን "እርስ በርሱ የሚቃረን ቃል" ይባላል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረችው የልጆች ቤት አሠራር ይህን የፈታው ልጁን አንድ የሠለጠነ ሰው ብቻ እንዲያነጋግረው፣ ሌሎቹ በሌላ ክፍል በስክሪን እንዲከታተሉ በማድረግ ነው። ስክሪኑ ባይኖራችሁም መርሁን መውሰድ ትችላላችሁ። ዐቃቤ ሕጉና መርማሪው አንድ ላይ ይምጡ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ሐኪሙና ነርሷ ለሕክምና ከሚያስፈልጋቸው በላይ ታሪኩን አይጠይቁ።

የሚጠይቀው ሰው ዩኒፎርም አይልበስ። ከመሃል ጠረጴዛ አይኑር። እናት ብዙውን ጊዜ ከውጭ ብትቆይ ይሻላል፤ ልጅቷ እናቷን ላለማስለቀስ ብላ ግማሹን ትውጣለች። የሚያበረታታ ሰው ካስፈለገ ሶሻል ወርከሯ ከጎኗ ሳይሆን ትንሽ ከኋላዋ ትቀመጥ፣ በንግግሩም አትግባ። ልጅቷ በቤቷ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የምትናገር ከሆነ በዚያው ቋንቋ ይጠየቅ፤ አስተርጓሚው ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ሊሆን አይገባም።

መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለምትወደው ጨዋታ አምስት ደቂቃ ያውሩ፤ ረዘም አድርጋ መናገር እንድትለምድ። ቀጥሎ ደንቡ ይነገራት፦ "የማታውቂውን 'አላውቅም' በይ፤ እኔ ስሳሳት አርሚኝ፤ እዚያ አልነበርኩምና ምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።" ከዚያ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ "የመጣሽበትን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪኝ።" ስትቆም "ከዚያስ?" በቂ ነው። ዝርዝር ሲፈለግ የራሷን ቃል መልሶ መስጠት፦ "'በሩን ዘጋው' ብለሽኝ ነበር፤ ስለሱ ጨምረሽ ንገሪኝ።" አዎ ወይም አይደለም የሚያስብሉ ጥያቄዎች ለመጨረሻ ይቆዩ። "አስገድዶሽ ነው አይደል?" የሚለው መልሱን ስለሚያቀብል ማስረጃውን ያረክሰዋል። "ለምን አልጮኽሽም? ለምን አብረሽው ሄድሽ?" የሚሉት ደግሞ ልጅቷን ይዘጓታል፤ ጥፋተኛ ተደርጋ ስለተሰማት ከዚያ በኋላ ይሆናል ብላ የምታስበውን መልስ ትሰጣለች። ሰውነት በፍርሃት ደርቆ መቅረቱ የታወቀ ነገር ነው፤ ስላለመጮኋ መጠየቅ ለክሱም የሚጨምረው የለም። ለታናናሾቹ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

በጽሑፉ ላይ ደግሞ የማየው ትልቁ ጉድለት የፖሊስ ቋንቋ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ቃል "ኃይል በመጠቀም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽሞብኛል" ተብሎ ይጻፋል። ችሎት ላይ ጠበቃው "ግብረ ሥጋ ማለት ምን ማለት ነው?" ይላታል፤ አታውቅም። "ታዲያ ይህን ማን ነገረሽ?" ይቀጥላል። ስለ ሰውነቷ የተጠቀመችበት የልጅ ቃል፣ ምንም ያህል ለመጻፍ ቢያሳፍር፣ እንዳለ ይስፈር። ጊዜውንም በምታውቀው ነገር ታስረው፦ ከገና በፊት ነው በኋላ፣ ፈተና ላይ ነበራችሁ፣ ገበያ ቀን ነበር? ቀኑን መቁጠር የመርማሪው ሥራ ነው።

ዕድሜ፣ ፈቃድና አንቀጹ

አንቀጹ የሚመረጠው በዕድሜ ነው። ከ13 ዓመት በታች ካለች አንቀጽ 627 ነው፤ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት። ከ13 እስከ 18 ከሆነች ኃይል ወይም ዛቻ ካለ 620 (2)፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት፤ ኃይል ባይኖርም 626፣ ከ3 እስከ 15 ዓመት። ይህ የመጨረሻው ነው በብዛት የሚረሳው። "ፍቅረኛሞች ናቸው፣ ፈቅዳ ነው" ተብሎ የሚዘጋው መዝገብ በ626 ሊከሰስ የሚችል ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ፈቃድ መስጠቷ ለአዋቂው ሰው መከላከያ አይሆነውም። ልጅቷ የተጠርጣሪው ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በአደራ የተሰጠችው ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ምስክር ከመጀመሪያው ይያዝ። ተጠርጣሪው ራሱ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከሆነ ግን መንገዱ የወጣት ጥፋተኞች ነው፤ ከአዋቂ ጋር አይታሰርም።

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት የላቸውም። በዚያው ሳምንት የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የመጀመሪያ ክፍል የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ያዋለደቻት ጤና ጣቢያ መዝገብ ፈልጉ፤ ሁለት የሚደጋገፉ ቢገኙ ጥሩ ነው። የእጅ አንጓ ራጅ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ግምቱ ወደ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊሄድ ይችላል፤ 12 ናት 14 የሚለው ጥርጣሬ ደግሞ ለተከሳሹ ጥቅም ነው የሚተረጎመው።

የዋስትናው ቀን

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፖሊስ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን የምርመራ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ወንጀሉ ከባድ መሆኑ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ዋስትናን አያስከለክልም። ዳኛው የሚያየው ተጠርጣሪው ይጠፋል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ የሚለውን ነው። መርማሪው "ምርመራው ስላልተጠናቀቀ" ብሎ ብቻ ከጻፈ ለዳኛው ምንም አላቀረበም። ይልቅ፦ በየትኛው ቀን የትኛው ዘመድ ስንት ብር ይዞ እንደመጣ፣ ከየትኛው ስልክ እንደተዛተ፣ ተጠርጣሪውና ልጅቷ አንድ ግቢ እንደሚኖሩ፣ ቃላቸው ያልተወሰደ ሦስት ምስክሮች እነማን እንደሆኑ በዝርዝር ይጻፍ። ዋስትና ከተፈቀደም ወደ ልጅቷ፣ ወደ ቤተሰቧና ወደ ትምህርት ቤቷ እንዳይቀርብ ገደብ እንዲጣል ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ አፉን ከፍቶ የሚያቀርብ ሰው እምብዛም አላይም።

ለምስክርነቱ ቀን፣ ልደታ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንዳለው ለሕጻናት ምቹ ችሎት ዓይነት ካሜራና የተለየ ክፍል አይኖራችሁ ይሆናል። እዚያ ልጁ በሌላ ክፍል ከሶሻል ወርከር ጋር ተቀምጦ ጥያቄው በእሷ በኩል ይደርሰዋል። ተከሳሽ ምስክሮችን የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱ ስላለው ጥያቄውን ማስቀረት አይቻልም፤ ፊት ለፊት መፋጠጡን ግን ማስቀረት ይቻላል። በእናንተ ከተማ በዝግ ችሎት፣ በዳኛው ቢሮ፣ ወይም በመጋረጃ ተከልላ እንድትናገር ማመልከት ይቻላል። ከቀጠሮው በፊት ባዶውን ችሎት ታይ፤ ዳኛው የት፣ ጠበቃው የት እንደሚቀመጡ ይነገራት። ምን እንደምትል ግን ማንም አያስጠናት።

ሽምግልናን በሕግ ብቻ አታሸንፉትም

አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም፤ ቤተሰብ "ታርቀናል" ብሎ ቢፈርምም ክሱ አይቆምም። "ያግባት" የሚለው መፍትሔም አያድንም፤ በጠለፋ ረገድ አንቀጽ 587 በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን እንደማያስቀር በግልጽ ይናገራል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ ምስክሮቹን ከደበቀ ክሱ ባዶውን ይቆማል። ሽማግሌ የሚላክበት ቤት ብዙ ጊዜ የዕለት ጉርሱ በተጠርጣሪው እጅ ያለ ቤት ነው፦ አከራያቸው ነው፣ አሠሪያቸው ነው፣ የአባትየው ወንድም ነው። የሚቀርበው ብር ትንሽ ቢመስልም የሦስት ወር ኪራይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ልትጠይቁ የሚገባው ጥያቄ "ክሱን ብትገፉበት ምን ታጣላችሁ?" የሚል ነው። መልሱ ኪራይ ከሆነ ወደ ሴፍቲኔት፣ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ቤተ እምነቱ የሚወስድ ሥራ ነው። የሽማግሌዎቹንም ስም መዝግቡ፤ ማባበሉ ወደ ዛቻ ሲዞር ለዋስትናው ክርክር ይጠቅማል።

ከገጠር በደላላ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ከሁሉ የባሰ ላይ ናቸው፤ ተጠርጣሪው አሠሪዋ ከሆነ ያን ማታ የምታድርበት የለም። ጣቢያ ውስጥ አታሳድሯት፤ የታሰረች ነው የሚመስላት፣ አንዳንዴም በእርግጥ ከታሳሪዎች ጋር ትሆናለች። ሐኪሙ ለሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አስተኝቶ እንዲያቆያት ተስማሙ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተሰቧን ወይም ማረፊያ ፈልጉ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበርን የመሳሰሉ መጠለያዎች ያለ ቅድመ ግንኙነት በሌሊት ስልክ ላይቀበሉ ይችላሉ። ሰላሙ እያለ ደውላችሁ የመቀበያ መስፈርታቸውን በጽሑፍ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት

የሥነ ልቦና ድጋፍ ማለት ታሪኩን ደጋግማ እንድትናገር ማድረግ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ለእናት ወይም ለአሳዳጊ ምን እንደሚጠብቁ ንገሯቸው፦ መባነን፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ከትምህርት መሸሽ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት። አብዛኛው በሳምንታት እየረገበ ይሄዳል፤ ከአንድ ወር ካለፈ የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ትያት። ራሷን ስለ መጉዳት አስባ እንደሆነ በቀጥታ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣውም። ቀጠሮዎቹን ከኤች.አይ.ቪ. ምርመራው ጋር አያይዙ፣ በ6 ሳምንትና በ3 ወር፤ አንድ መምጣት ሁለት ሥራ ይሠራል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱንም ልጅቷ ትምረጥ።

ሥራው መሻሻሉን የምታዩበት አንድ መዝገብ ያዙ፦ ሆስፒታል ከደረሰች እስከ መጀመሪያው ክኒን ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ቃሏ ስንት ጊዜ ተወሰደ፣ 28ቱን ቀን ጨረሰች ወይ፣ የሕክምና ማስረጃው በስንተኛው ቀን ለመርማሪው ደረሰ። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሆስፒታልና የእናንተ ጽሕፈት ቤት በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ እነዚህን አራት ዓምዶች ብቻ እዩ። መዝገቡ ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይሰጣት፣ ስሙና ቁጥሩ የሚገናኙበት ወረቀት በሌላ መሳቢያ ተቆልፎ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጅ ስምና የሰፈር አድራሻ የምትለዋወጡ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ።